ከቀዩ ቀለም ወዲያ

ረቡዕ

አሁንም አልሆነም! ሁለት ምላጭ አጠጋግቼ ብርሃን ማሳለፊያ ክፍተት ሠራሁ። ሲሰፋ ቀለሞቹ ይደባለቃሉ፤ ሲጠብ ብርሃኑ ይደክማል። ሬዲዮው ሙቀት የሚያይ ቴሌስኮፕ ጠፈር ላይ ወጣ ካለ ወዲህ ተማሪዎቼ መውጫ አሳጡኝ። «ቲቸር፣ የማይታይ ብርሃን እንዴት ይታያል?» ሰኞ አሳያችኋለሁ አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ነገሩ ቀላል ነበር። የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም፣ በባለሦስት ጎኑ መስታወት፣ ሲበተን፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ ዓይን የማያየው ሙቀት ይወድቃል። ጥላሸት የተቀባ ወረቀት በስፒሪት ቢርስ እዚያ ጋ ቀድሞ ይደርቃል። ሐኪም ቤት ስፒሪት ብለምን «ለቁስለኛም አልበቃን» አሉኝ። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ከጎረቤቴ ከእታገኝ አረቄ ገዛሁ። የሼኽ ልጅ ሆኜ! «ለማን ነው ሐያት?» አለች። «ለወረቀት» ብላት በሳቅ ፈረሰች።

ሐሙስ

ወሬው አገር ቤት አምባሰል ደርሶ አባዬ በጭነት መኪና ከተፍ አለ። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ!

«ያ ረቢ! እውነት ነው እንግዲህ?»

«ወላሂ አልጠጣሁም፣ ለትምህርት ነው» አልኩት።

«በአረቄ የሚሰጥ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?»

ማስተማሩ ይቅርብሽ አለ። ቅዳሜ ጓዜን ጠቅልዬ አብሬው ልመለስ ነው። ላሳይህ ብለው ፀሐይ የለም። ደመናው ከመንደሩ ሥር ያለውን ሐይቅ ተጭኖታል።

ዓርብ

አባዬ ጁምዓ ሄዶ ሳለ ፀሐይ ብቅ አለች። አይ ዕድሌ! ክፍተቱን አጥብቤ ወረቀቱን ወደ ፕሪዝሙ ባስጠጋው ቀለሞቹ አጠሩ፣ ግን ደመቁ። አገኘሁት! አባዬ ሲመለስ ደመናው አብሮት መጣ። ሻይ ሰጠሁት፤ ኩባያውን አሸተተው። ማልቀስ አማረኝ። ተናደድኩም።

ቅዳሜ

ጓዜ ታስሯል። አባዬ መኪና ሊጠይቅ ሲወጣ ፀሐይዋ ወጣች። እጁን ይዤ ጎተትኩት። መስኮቱን ደፍኜ ክፍተቷን ብቻ ተውኩ፤ ወረቀቱን አራስኩ።

«ከቀዩ ወዲያ ምን ይታይሃል?»

«ምንም።»

«ጠብቅ።»

ቆየት ብሎ፣ ምንም ከማይታይበት ቦታ ላይ የወረቀቱ እርጥበት መጥፋት ጀመረ። ቀዩ ሥር ገና ያብለጨልጫል። አባዬ ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጣቱም ነካው።

«ሱብሃነላህ» አለ።

ከዚያ ጠርሙሱን አንስቶ ወጣ። በቃ ደፋው አልኩ። ድምፁን ከእታገኝ በር ሰማሁት፤ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ይጮኻል።

«የልጄን አረቄ የጠጣው ወረቀት ነው! በዓይኔ አይቻለሁ!»

ጠርሙሱን እሷ ዘንድ አስቀመጠው። «ልጄ ቤት አያድርም፤ ሰኞ ግን ለወረቀቱ ትሰጪያታለሽ» ብሏታል። ጓዜን እየፈታሁ ነው። ብቻ ሰኞ ደመና አይሁን።