የአይነኬ ልብ ይታይ፣ የአያ ቸኮለ ስም ይመለስ

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል ዘሩ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ የአውጫጭኝ ሰብሳቢ፣ የአይነኬ ጌታ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ወፍጮዬም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእርስዎም፣ የቤተሰብዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የውሻዎ የአይነኬ ጤና የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። የመጨረሻውን ለወግ ያህል አላልኩትም፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ለማያውቁን አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ጎፈር የምንለው፣ አንገቱ ላይ ጠጉሩ የተከመረ፣ ጅብ የማይፈራ የውሻ ዘር አለ። ክቡርነትዎ የአይነኬን ቡችሎች ለወዳጅ፣ ለዘመድ፣ ለክርስትና ልጅ ሳይቀር ሲያድሉ ስለኖሩ፣ ዛሬ የእሱ ልጅ ያልሆነ ጎፈር ማግኘት ይቸግራል። ከክረምቱ ወዲህ እነዚህ ውሾች ጅብ ሲያባርሩ ወይም ዳገት ሲወጡ ድንገት ተዘርረው ይሞቱ ጀመር። የእኔዋም ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቃ ቀረች። ክቡርነትዎም አገሩን ሰብስበው ጥፋተኛ የሚያወጣውን አውጫጭኝ ጠሩ፤ መርዝ ነው አሉ፤ ለከብት መድኃኒት ሥር የሚምሱትን ብቸኛ አዛውንት አያ ቸኮለን መራዥ ብለው ፈረዱባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ ላይ ጽዋው እሳቸውን ዘሎ ያልፋል፤ ለቅሶ ቤት ይዘውት የሚሄዱትንም እንጀራ የሚቀምሰው የለም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍርድዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ሌላ ቦታ ቢሆን የሞተው ውሻ ተከፍቶ ይታይ፣ ሐኪም ይጠየቅ ይባል ነበር። እኛ ዘንድ ክቡርነትዎ ስላሉ ይህ ሁሉ ድካም ቀርቶልናል።

ሁለተኛ፣ በጎፈር ዘር የልብ በሽታ ላይ የምታጠናው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ምሕረት፣ ልብን በስክሪን የሚያሳየውን አልትራሳውንድ ተሸክማ ከባሕር ዳር በመጣች ጊዜ የቀበሌውን ግቢ ስለከለከሏት አመሰግናለሁ። ወፍጮ ቤቴ ሰፊ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሰው ውሻውን በገመድ እየጎተተ፣ እህሉን ለማስፈጨት የመጣውም ስልቻውን አስቀምጦ፣ ሁሉም ስክሪኑን ከበበ። የደህናው ልብ ጥብቅ ብሎ ሲመታ፣ የታመመው ደግሞ እንደ አሮጌ ስልቻ ተለጥጦ፣ ግድግዳው ሳስቶ፣ በድካም ሲንቀሳቀስ በዓይናችን አየን። ዶክተሯ ይህ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወርድ፣ የያዘው ውሻ ለዓመታት ደህና መስሎ እንደሚኖር፣ ልቡ የደከመው እንዳይራባ መደረግ እንዳለበት አስረዳችን። የታመሙት የማን ልጆች እንደሆኑ ባለቤቶቹ ራሳቸው ተናገሩ። እሷ ግን ጠንቃቃ ናትና አባትየውን ሳላይ ከእሱ ነው አልልም ብላ፣ አይነኬን እንዲያመጡላት በትሕትና ለመነችዎ።

ሦስተኛ፣ ስለ መልስዎ። ውሻዎ ከእርስዎ እጅ በቀር ከማንም እጅ እንደማይበላ፣ ሐኪምም ሆነ መሣሪያ እንደማይነካው፣ ዘሩም እንደማይታማ በሕዝብ ፊት በኩራት ነገሩን። እኛ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ዝምድና ከተገኘ የተቆረጠ ቀጠሮ እንኳ ይፈርሳል። ክቡርነትዎ ግን አይነኬን ለገዛ ልጆቹ ኮርማ ሲያደርጉት አንድ ቤት እንኳ አልቆጠሩም። ለውሻ አባቱን መጠየቅ ነውር መሆኑን ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ፤ አሁን ተቆጥቻለሁ። አያ ቸኮለ ላሜ ስትታመም በዝናብ መጥተው ያዳኑልኝ ሰው ናቸው። ነገሩን ባነሣሁላቸው ጊዜ «ግድ የለም ልጄ፣ እኔስ ለመሄድ የቀረብሁ ነኝ፤ ይልቅ ቡችሎቹን አድኑ» አሉኝ። እሳቸው ግድ የለም ቢሉም እኔ ግድ አለኝ። አይነኬ ይመርመር። ያንኑ አውጫጭኝ እዚያው ቦታ ጠርተው፣ ፍርዴ ስሕተት ነበር ይበሉ። እምቢ ካሉም ዶክተሯ ተመልሳ ትመጣለች፣ ደጄም ክፍት ነው፤ ወፍጮዬን ቢያሽጉት ምርመራውን ዛፍ ሥር እናደርገዋለን። ባለፈው ሰንበትም ከአያ ቸኮለ ጎን ተቀምጬ ጽዋውን ከእጃቸው ተቀብዬ ጠጥቻለሁ። ይኸው አልሞትኩም።

የውሻን አባት በመጠየቅ ጥፋት ራሷን የምታጋልጥ፣
ለፍርድዎ ያልተመቸች አክባሪዎ፣
ትርሲት አለማየሁ፣ ባለ ወፍጮ

ግልባጭ፦
ጽዋውን ዘላችሁ ላሳለፋችሁ ሁሉ

ማስታወሻ፦ አይነኬ ሰሞኑን ዳገቱ ላይ ቆም ቆም እያለ ሲያስል ታይቷል። አያ ቸኮለ እንዳያስሮጡት አደራ ብለዋል። ምክራቸውን ንቀው፣ ሳያስመረምሩት አንድ ቀን ወድቆ የተገኘ እንደሆነ ግን፣ መርዝ ነው ብለው አውጫጭኝ ከመጥራትዎ በፊት ጥቂት ያስቡበት፤ ከማን እጅ ብቻ ይበላ እንደነበር አገሩ ሁሉ ከእርስዎ አንደበት ሰምቷል።