የተሰረቀው የእናታችን አበባ

ለምወድሽ እህቴ ለቬነታ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ እዚያ ስፔንም ጎንበስ ቀና ማለቱ አላስቀምጥ አለሽ? እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴ ኮልዮም ከነነጭናጫነቱ ደህና ነው። አሁን ግን ሰላምታውን ላሳጥረውና የምስራች ልበልሽ፤ በቅዱሱ በዓል ሰሞን የሚያብበው የእናታችን የድሜጥሮስ አበባ ዛሬ ጠዋት ፈነዳ!

አላመንሽኝም አይደል? አምና በስልክ እያለቀስኩ ነግሬሽ ነበር፤ ዋግ መታው፣ የቅጠሉ ጀርባ ዝገት የመሰለ ነገር አወጣና ከታች ወደ ላይ ደረቀ። እናታችን የተከለችው ነው ብዬ ቡቃያውን ነቅዬ ለማሳሳት ስለሳሳሁ ተጨናንቆ ነፋስ አያልፍበትም ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ከላይ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። የታመመውን ቅጠል ብለቅምም አልተወው። በመጨረሻ ኮልዮ ከነሥሩ ነቅሎ አቃጠለው። የሞቱት በሚታሰቡበት በሙታን ቅዳሜ በእናታችን መቃብር ላይ የገበያ አበባ ሳስቀምጥ አንጀቴ እርር አለ።

ዘንድሮ በጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ ግን ጎረቤታችን እትዬ ጊና በአጥር ላይ ጠራችኝ። ጓሮዋ ብገባ ያው የእናታችን አበባ ጤናማ ቡቃያውን ዘርግቷል! ከየት አመጣሽው ብላት፣ "ከየት ይመጣል፤ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ሰርቄያት ነዋ! ተለምኖ የተወሰደ አበባ መቼ ይጸድቃል?" አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። እናታችን እስክትሞት "ያቺ ሴትዮ ሰርቃኛለች" ስትል እኛ አናምናትም ነበር እኮ!

እንግዲያው ስጪኝ ስላት ተቆጣች። "ሰጥቼሽ ልታደርቂው? ስረቂ እንጂ! እኔ ዞሬ እቆማለሁ" ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በትከሻዋ ላይ እያሾለቀች ግን "ያን አይደለም፣ የቀኙን! ሥሩን እንዳትበጥሺው፣ አንቺ ሌባ!" ትለኛለች። በሳቅ ሞትኩ።

አሮጌው መደብ ላይ አልመለስኩትም። ነፋስና ፀሐይ በሚያገኝበት በበሩ በኩል አራርቄ ተከልኩት፤ ውሃም ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ብቻ። ቅጠሉን እየገለበጥኩ ስመረምር ኮልዮ "እኔ ስታመም እንኳ እንዲህ አላየሽኝም" ይላል። አንድም ዝገት የለበትም! ቅዳሜ ለእናታችን የራሷን አበባ ይዤላት እሄዳለሁ። እትዬ ጊናም እመጣለሁ ብላለች፤ ይቅርታ ልትጠይቃት ይሁን ልትኮራባት አላውቅም።

ባልሽን ፔንቾን ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን ራሊናንና ትንሹን ቦያንን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ኮልዮና እትዬ ጊና ሰላም ብለውሻል። ከአበባው ላኪልኝ እንዳትይኝ፣ አልሰጥሽም። ለፋሲካ ስትመጪ የጓሮውን በር ክፍት እተውልሻለሁ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ።

እህትሽ ስቶይና
ጎርኖ ብርዶ፣ ከሙታን ቅዳሜ በፊት ባለው ሐሙስ