ድዳ ልጅሽ በሙት ዓመትሽ ያለችው

እምዬ፣ ከአፈር በታች ያለሽው ናፍቆቴ፣

ከተለየሽኝ ዛሬ ዓመት ከአንድ ቀን ሆነ። በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል እጽፍልሻለሁ።

ላማችን ወለደች። አባባ ከሚሊሻ ዘመቻ አልተመለሰም። ጡት ያስጣልሽው ወንድሜ አበጀ እኔን እማ ይለኛል።

ባቄላ ስንፈለፍል ቀሚስሽን ገለጥ አድርገሽ ያሳየሽኝን አልረሳሁም። ጡትሽ ቀልቶ ያተኩስ ነበር፤ ቆዳው እንደ ሎሚ ልጣጭ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። ለማንም እንዳልናገር አስማልሽኝ። በዝምታዬ ድዳ የምትሉኝ እኔ መናገር መች እችል ነበር!

ሴት ሁሉ ጡቷን ሲያማት የምትጠራቸው የአባባ እህት እትዬ ዘነቡ መጡ። መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው ዳሰሱሽ።

«ነቀርሳ እንደ ሽምብራ ይጨበጣል፤ ይህ የወተት ቁጣ ነው» አሉ።

እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ «ደብረ ታቦር ሆስፒታል ትሂድ» ስል፣ «ይህች ድዳሽ ደግሞ መቼ አፍ አወጣች?» ብለው ሳቁ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ።

ክረምቱ በቅቤ አለቀ። ከመካነ ኢየሱስ አውቶቡስ ስንሳፈር ጡትሽ ቆስሎ ነበር። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶ ነገረኝ፤ እባጭ ሳይሠራ በቆዳ ሥር እንደ እሳት የሚሄድ፣ እምብዛም የማይታይ የጡት ነቀርሳ ነው። በጊዜ ቢመጡም ብዙ ዓመት የሚቆዩ ጥቂቶች ናቸው፤ የአንቺ ደግሞ ሥር ሰዷል።

እትዬ ዘነቡ ይህን ሲሰሙ «ድሮውንም አትተርፍም ነበር» ብለው ተጽናኑ። እኔ አልተጽናናሁም። ከጥቂቶቹ አንዷ ብትሆኚስ? ባትሆኚም፣ ሁለት ዓመት ብትቆዪ አበጀ መልክሽን ያውቅ ነበር።

ትናንት በሙት ዓመትሽ ድንኳን አልቃሾቹ ሲደክሙ ተነሣሁ። በሙሾ የተባለ ነገር አይከለከልም። እትዬ ዘነቡን እያየሁ አወረድኩት፦

ሽምብራ ሲፈልጉ ጡቷን ሲዳስሱ፣
የእናቴን ዓመት በመዳፍ ጨረሱ።

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። የንስሐ አባታችን «ልጄ፣ ይቅር በያቸው» አሉኝ። ዝም አልኩ፤ ዝምታ እንደሆን አውቅበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወንዝ ስወርድ ሁለት ልጃገረዶች እንስራቸውን እየሞሉ ያችኑ ሙሾ ያዜሟታል። እንግዲህ እትዬ ዘነቡ መዳፋቸውን ቅቤ በቀቡ ቁጥር ይሰሟታል።

እኔ አልረሳሽም እምዬ። እሳቸውም እንዲረሱሽ አልፈቅድም።

ድዳዋ ልጅሽ