የአውቶቡሱ ቁልፍ ለባለቤቴ እንዳይሰጥ

ለትራንስፖርት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሐሙስ፣ ምደባው ከሚጸናበት ሰኞ አስቀድሞ

ጉዳዩ፦ በእኔ ውሸት የተገኘ የሥራ ምደባ እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በጋራዣችሁ የሚሠራው፣ ባልደረቦቹ ጨዋው የሚሉት መካኒክ ሚስት ነኝ። በድምፅ ያውቁኛል፤ ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ "ዛሬ አይገባም፣ አሞታል" የምልዎት እኔ ነኝ።

1. ጨዋው ከሰኞ ጀምሮ የሠራተኞችን ሰርቪስ አውቶቡስ እንዲነዳ ተመድቧል። ደብዳቤው "ቤተሰቡን አክባሪ፣ ያለ በቂ ምክንያት ቀርቶ የማያውቅ" ይለዋል። በቂ ምክንያቱን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ስለሆንኩ ምስጋናው በስህተት ለእሱ ደርሷል። ባለቤቴ ይጠጣል። ያመዋል ስልዎት የኖርኩት ጨጓራ ድንጋይ ይፈጫል።

2. እናቱ ሞቱ ብዬ የደወልኩ ጊዜ፣ ክቡርነትዎ ሠራተኞቹን አስከትለው ለቅሶ ሊደርሱን መምጣትዎ ይታወሳል። በሩን የከፈቱልዎት ሟች ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ሆኖም ቶሎ ብዬ "የሞተችውስ እንደ እናት ያሳደገችው አክስቱ ናት" አልኩ። አማቴ አንዴ አየት አደረጉኝና ጭራሽ ላልተወለደችው አክስት ስም አውጥተው ያለቅሱላት ጀመር። እርስዎም መሐረብ አውጥተው ነበር። ልጃቸው ጓዳ ውስጥ ያንኮራፋል፤ ሐዘን ጣለው ተባለ። ያን ያህል አፍንጫ አንድ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ አንዱ እንኳ አለማሽተቱ እስካሁን ይገርመኛል።

3. በቤታችን የሚጠጣው እሱ ነው፤ የምንገዳገደው እኔ ነኝ። ቁልፉ የበሩን ቀዳዳ ሲፈልግ ከድምፁ ብቻ ምን ዓይነት ምሽት እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ሲስቅ አብሬው እስቃለሁ። ሲቆጣ ሳህን አጥባለሁ፤ የሚታጠብ ከሌለ የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። ጎረቤቶቼ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ "ደህና ነን" እላቸዋለሁ። አንድ ሐኪም "ለራስሽ ጊዜ ስጪ" ብሎኝ ነበር፤ እሺ ብዬ በዚያው ጊዜ "አሞታል" ልል ለእርስዎ ደወልኩ። ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። ደግሞም እወደዋለሁ፤ ከሁሉ የባሰው ይኸው ነው።

እስከ ዛሬ ውሸቴ የሚጎዳው እኔን ብቻ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። አውቶቡስ ግን ሰው ይጭናል፤ እርስዎም እንደ ክብርዎ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ስለዚህ ቁልፉ እንዳይሰጠው፣ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሕክምና እንዲልከው፣ ከሥራ ሲቀርም ምክንያቱን ከራሱ አፍ እንጂ ከእኔ እንዳይቀበል በትሕትና አመለክታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰኞ ጠዋት መደወሌ አይቀርም። "ያን አቤቱታ የጻፍኩት ተናድጄ ነው፣ ባለቤቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም" እልዎታለሁ። አለቅሳለሁም፤ ለቅሶዬ ደግሞ እንደሚያሳምን ያውቃሉ። እባክዎ አይመኑኝ። ስልኩን ይዝጉብኝ።

ለዛሬ በስልክ ሳይሆን በፊርማዬ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የጨዋው ሚስት