በሰንሰለት ስለታሰረው ቀላሉ ላፕቶፕ

ለተከበሩ አቶ አባይነህ
የጽሕፈት ቤታችን የዕቃ ግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐረር

ጉዳዩ፦ የስፔስ ቁልፍን ዕረፍት ስለማሳወቅና ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ወገብዎን ደግሞ ለይቶ ይጠብቅልን። ይህን ደብዳቤ ቆመው እያነበቡ ከሆነ ቢቀመጡ ይሻላል፤ የማረዳዎ ዜና ከባድ ነው። በነባር ቤቶች ጥገና ፈቃድ ክፍል ለሰባት ወራት ያለ ዓመት ፈቃድ ሲያገለግል የቆየው የላፕቶፓችን የስፔስ ቁልፍ ማክሰኞ ግንቦት 25 ቀን 2007 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በአንድ የጥገና ፈቃድ ሁለተኛ መስመር ላይ እንዳለ አርፏል። ቢጫኑት አይሰማም፤ ቢያባብሉት አይመለስም። ለቅሶ መድረስ የሚፈልግ ቢኖር ሟቹ ያለው ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዴትም ሊሄድ እንደማይችል ወደ በኋላ እገልጻለሁ።

እኔን ለማያውቁኝ አንባቢያን፣ በዚህ ግቢ ሃያ አንድ ዓመት የጣቴን ጫፍ ስቸረችር የኖርኩ ጸሐፊ ነኝ። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ ነባር ቤት ጣሪያው ቢያዘነብል፣ ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ ባለቤቱ ያለ ፈቃድ አንድ ድንጋይ ማንሳት አይችልም። ያ ፈቃድ ደግሞ በእጅ ከተጻፈ ዋጋ እንደሌለው በሰርኩላር ስለተነገረን፣ የሚወጣው በእኔ ላፕቶፕ ብቻ ነው። የፊታችን ሐሙስ ሰኔ 11 ኮሚቴዎ ያንኑ ዓይነት ላፕቶፕ አሥራ አንድ ጨምሮ ለመግዛት እንደሚሰበሰብ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበብኩ። ምስጋና ሳይዘገይ መድረስ አለበት ብዬ፣ በእስክሪብቶም ቢሆን ቀደም አልኩ።

1. በመጀመሪያ ስለ አመራረጡ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥቅምት ሻጩ ዐብዱልሐኪም ሁለት ናሙናዎች ይዞ መጥቶ ነበር። አንዱ ብርማ፣ ስስ፣ በበር ሥር ቢወረውሩት የሚያልፍ ነው። ሌላው ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ ፎቶግራፍ የማያምርበት የሥራ ላፕቶፕ ነው። ሰውየው ነጋዴ ሆኖ ሳለ እውነቱን ከእናንተ አልደበቀም፤ «ብርማው ለመንገደኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ጥቁሩን ውሰዱ፤ ኪቦርዱ ጠንካራ ነው፣ ስክሪኑ አያንጸባርቅም፣ ዋጋቸው ደግሞ ወላሂ አንድ ነው» ብሎ ነገራችሁ። ኮሚቴው ግን ይህን የሚያህል ጉዳይ በሰው ቃል ብቻ መወሰን ስላልፈለገ ከኤረር በር የቡና ነጋዴ ሚዛን አስመጣ። ሰባት የተከበሩ ሰዎች ሁለት ላፕቶፖችን እንደ ቡና ሲመዝኑ ሻይ ይዤ በበሩ ሳልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ብርማው አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ፤ ጥቁሩ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ። ያን ጊዜ እርስዎ ብርማውን በሁለት ጣትዎ ከፍ አድርገው «ይሄ እኮ ላባ ነው!» አሉ፤ ተጨበጨበ፤ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። ቃለ ጉባኤው «የተሸካሚውን ወገብ ከጉዳት ለመጠበቅ» የሚል ሐረግ እንዳለበትም አንብቤ ልቤ ተነክቷል። ሰው በቅሎ እንኳ ሲገዛ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። የላፕቶፑን ጥርስ ግን ከሰባታችሁ አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ» ብሎ በመጻፍ አልሞከረውም። ምን ያድርግ፤ ሚዛን ላይ ጥርስ አይታይም።

2. ስለ ሰንሰለቱም ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው፤ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለንብረት ክፍሉ ለአቶ ደምሴም ጭምር። ላፕቶፑ ክፍላችን በገባ በሳምንቱ አቶ ደምሴ መጡና እርስዎ እንዳደረጉት በሁለት ጣት አነሱት። እርስዎን ያስደሰተው ቅለት እሳቸውን አስደነገጣቸው። «ይሄማ ሰው ጋቢው ሥር ከቶት ቢወጣ ዘበኛው ምን ያውቃል? ፈራሚው እኔ! ተጠያቂው እኔ!» ብለው ወጡ፤ በማግስቱ በያጅ ይዘው ተመለሱ። በያጁ ላፕቶፑን ወገቡ ላይ የብረት ቀበቶ አስታጠቀው፤ ከቀበቶው ሰንሰለት አወጣ፤ ሰንሰለቱን ከጠረጴዛው የብረት እግር ጋር አገናኝቶ አቶ ደምሴ የእህል ጎተራ የሚያህል ጓጉንቸር ቆለፉበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክዳኑ አይዘጋም። ከጠረጴዛው ለማላቀቅ ሦስት ፊርማ ያለበት የዕቃ መውጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለመንገደኛ የተሠራው፣ በቅለቱ የተመረጠው፣ በጭብጨባ የተገዛው ላፕቶፕ በሰባት ወር ውስጥ አንድ ክንድ መንገድ አልሄደም። ወገብ ተጠብቋል፤ ማለቴ የእሱ ወገብ፣ በብረት።

3. ስለ ስክሪኑ። ከጀርባዬ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ማዶ በኖራ የነጣ የጎረቤት ግድግዳ አለ። የጠዋት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ታርፍና በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ ትመጣለች። ሲገዛ «እንደ መስታወት ያበራል» ተብሎ ነበር፤ ምንም አልተዋሸም፣ መስታወት ነው። እኔ ስጽፍ የማየው ጽሑፉን ሳይሆን ራሴን ነው፤ ባለፉት ሰባት ወራት ስንት ሽበት እንዳወጣሁ ብትጠይቁኝ በቀን ከፋፍዬ እነግራችኋለሁ። ላፕቶፑን እንዳላዞረው ታስሯል። ጠረጴዛውን እንዳላዞረው ሶኬቱ ያለው በዚያ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

መፍትሔ ያገኙልን ባለጉዳይዋ እማማ ኑሀ ናቸው። እሳቸውን በዚህ አጋጣሚ ላስተዋውቅዎ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ከጀጎል ውስጥ ካለው የአባታቸው ቤት ወጥተው የማያውቁ እናት ናቸው። የቤታቸውን ጣሪያ የተሸከመው ዋናው ወራጅ እንጨት መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ በሁለት እንጨት ተደግፎ ቆሟል። ግንበኛው የሐምሌ ዝናብ ሳይመጣ ካልተቀየረ ጣሪያው አልጋቸው ላይ እንደሚወርድ ነግሯቸዋል። ማመልከቻቸውን ያስገቡት በታኅሣሥ ነበር፤ መሐንዲሱ አይቶ «ይጠገን» እስኪል ሚያዝያ ሆነ፤ የቀረው እኔ ሁለት ገጽ መጻፍ ብቻ ነበር። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍት፣ አንገቴን እንደ ዶሮ ስሰብቅ ያዩኝ እማማ ኑሀ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከጀርባዬ ቆሙ። ጥላው ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ፊደሉ ታየ። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ደንብ ሆነ፤ ባለጉዳይ መታወቂያውን ያሳያል፣ ጃንጥላውን ይይዛል። እማማ ኑሀ ጃንጥላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ «ልጄ፣ አይዞሽ፣ ዝናቡ ቤቴ ሲገባ የምይዘውን እዚህ እየተለማመድኩ ነው» ሲሉኝ ሳቅሁ።

4. ስለ ኪቦርዱ በሐዘን ላይ ስለሆንኩ አላበዛም። እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው፤ ጣት ይምታው አይምታው እሱም አያውቅም፣ ጣትም አያውቅም። አማርኛ ሲጻፍ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት ስለሚያስፈልግ የእኛ ኪቦርድ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። ገና በኅዳር አንዱ ቁልፍ አንዴ ሲመታ ሦስቴ መጻፍ ጀመረ፤ በመጋቢት ሌላው አኮረፈ፤ በግንቦት እንግዲህ ስፔሱ አረፈ። ዐብዱልሐኪም ሊያየው መጣ። ገልብጦ ለማየት የአቶ ደምሴን ጓጉንቸር ማስከፈት ሁለት ቀን ፈጀ። አይቶ ሲጨርስ «እህቴ፣ ይሄ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ አንድ ቁልፍ ለመቀየር ግማሽ ላፕቶፕ መቀየር ሊኖርብሽ ነው። ጥቁሩ ቢሆን ብሎኑን ፈትቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ ሻይሽ ሳይበርድ እመልስልሽ ነበር» አለኝ። ተጨማሪ ኪቦርድ ይሰካልኝ ብዬ ለኮሚቴዎ ጻፍኩ። ኮሚቴው «ላፕቶፑ ኪቦርድ ያለው መሆኑ ስለተረጋገጠ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» የሚል መልስ ሰጠኝ። መልሱ በቃላቱ መካከል ቆንጆ ቆንጆ ክፍተቶች እንዳሉት አስተውዬ ቀናሁ።

ቅናት ሥራ ያስተምራል። ከዚያው መልስ ላይ አንድ ክፍተት ቀዳሁና በማውስ እየጎተትኩ፣ በየሁለት ቃላቱ መካከል እየለጠፍኩ የእማማ ኑሀን ፈቃድ መጻፍ ጀመርኩ። እኩለ ቀን ላይ ስድስት መስመር ደረስኩ፤ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ቀን ከሌት ተሰክቶ ስለሞተ ስድስቱም መስመር ሄደ። ምንም የሌለበትን ነገር ከቦታ ወደ ቦታ ሲያመላልስ የሚውል ብቸኛው የመንግሥት ሠራተኛ እኔ ነኝ ለማለት አልደፍርም፤ ኮሚቴ ውስጥ ያሉ ባልደረቦቼን ማስቀየም ይሆናል። እማማ ኑሀ ግን በሚቀጥለው ቀን መጥተው ጃንጥላውን ዘርግተው ቆሙ። በሚቀጥለውም። ግንበኛው ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ሌላ ሥራ እንደሚይዝ ነግሯቸዋል፤ ረመዳንም እየገባ ነው።

5. በመጨረሻ የማመሰግንዎ ስለ ጥቁሩ ናሙና ነው። እሱ ለሻጩ አልተመለሰም። ቃለ ጉባኤው «ለውድቅነቱ ማስረጃ ይሆን ዘንድ በሰብሳቢው ቢሮ ይቀመጥ» ይላል። ማስረጃውም እስከ ዛሬ በክብር ተቀምጧል፤ ያውም ተከፍቶ፣ ያውም አጠገቡ የሻይ ብርጭቆ፣ ያውም እርስዎ ለስብሰባ የሚያዘጋጁት ጽሑፍ እላዩ ላይ ተጀምሮ። ሰንሰለት የለውም። ከባድ ስለሆነ ማንም አይሰርቀውም ተብሎ ይሆናል።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ረቡዕ ሰኔ 3 እርስዎ ስለ ዘመናዊ የዕቃ አመራረጥ ሥልጠና ለመውሰድ አዳማ ሄደው ነበር። ቢሮዎ ለጽዳት ተከፍቶ አየሁት፤ እማማ ኑሀን እጃቸውን ይዤ ገባሁ። ማስረጃዎ ፊት ተቀመጥኩ። ጽሑፍዎን አልነካሁም፤ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ የሚነካም አልነበረውም። እማማ ኑሀ እንደ ልማዳቸው ጃንጥላውን ዘርግተው ከጀርባዬ ቆሙ። መስኮቱ የእርስዎም ቢሮ ጀርባ ላይ ነው፤ ፀሐይዋም ያችው ናት፤ ስክሪኑ ላይ ግን እያንዳንዱ ፊደል ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። «እማማ፣ ይዝጉት፤ እዚህ ቤት አያፈስም» አልኳቸው። ቁልፎቹ ጣቴን ገፋ አድርገው ይመልሱ ነበር፤ እንደ ድሮው የጽሕፈት መኪናዬ፤ አንድም ቃል ከጎረቤቱ ጋር አልተጣበቀም። ሁለቱ ገጾች በአሥራ አራት ደቂቃ አለቁ። ምክትልዎ አንብበው ፈረሙ። እማማ ኑሀ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወረቀቱን በሻሻቸው ጠቅልለው ወጡ፤ ቅዳሜ ግንበኛው ወራጁን ማውጣት ጀምሯል።

ይህ ጥፋት ከሆነ ቅጣቱን በጸጋ እቀበላለሁ። የቅጣት ደብዳቤውን ግን ጻፊ ብለው እኔን አይዘዙኝ፤ በእኔ ላፕቶፕ ከሆነ ክረምቱ ሳይወጣ አይደርስዎም። እኔን ከመቅጣትዎ በፊት ግን መሳቢያዬ ውስጥ የቀሩትን አሥራ ስድስት ማመልከቻዎች ያስቡ፤ አሥራ ስድስት ጣሪያዎች ናቸው፤ ሐምሌ ደግሞ ፊርማ አይጠብቅም። የምለምነው ነገር ትንሽ ነው። ሐሙስ ዕለት ሚዛኑ ወደ ቡናው ይመለስ። በምትኩ ሰባቱም የኮሚቴ አባላት በየተራ፣ በጠዋት፣ ጀርባቸውን ለመስኮት ሰጥተው፣ በእያንዳንዱ ናሙና ላይ አንድ አንድ ገጽ ይጻፉ። ምን እንጻፍ ካሉ፣ ከመሳቢያዬ አሥራ ስድስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

በዚህ ሁሉ ውለታዎ ጎንበስ ብዬ እጅ ልነሳዎ አስቤ ነበር፤ የእኔ ወገብ ግን በቃለ ጉባኤው ስላልተካተተ ቀና እንዳልኩ፣ በማይለወጥ አክብሮት፣ የእርስዎ የዘወትር ታዛዥ መሆኔን አረጋግጣለሁ።

ሙሉ
የነባር ቤቶች ጥገና ፈቃድ ክፍል ጸሐፊ
ሰኔ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል፣ ከነጓጉንቸሩ
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በጉልህ ቦታ
ለዐብዱልሐኪም ሱቅ፣ እውነት በመናገሩ ለደረሰበት ኪሳራ ማጽናኛ

ድኅረ ጽሑፍና ማረሚያ፦

ከላይ በተራ ቁጥር 1 የብርማው ላፕቶፕ ክብደት አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነው ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ባለፈው ዓርብ የኤረር በሩ ነጋዴ ጆንያ የሚመዝንበትን ትልቁን ሚዛን ተውሰን ላፕቶፑን አሁን ባለበት ይዞታ፣ ማለትም ከብረት ቀበቶው፣ ከሰንሰለቱ፣ ከጓጉንቸሩና ከማይለየው ጠረጴዛ ጋር ስንመዝነው አርባ ሦስት ኪሎ ተኩል ሆኗል። የጥቁሩ ክብደት ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ እንደሆነ ጸንቷል። ስለሆነም በክብደቱ ምክንያት ውድቅ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ በቃለ ጉባኤው ላይ ታርሞ ሐሙስ እንዲነበብ እየጠየቅሁ፣ በተሳሳተ ቁጥር ኮሚቴውን ሳመሰግን በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጃንጥላው በምዘናው አልተካተተም፤ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ሳይሆን፣ እማማ ኑሀ ለቀሩት አሥራ ስድስት ባለጉዳዮች ያዋሱት ነው።