ከነጩ ክር ሥር

ለወንድሜ ለሙሐመድአወል፤ ሐርቡ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የእማማ ጉልበት በዚህ ብርድ እንዴት ሆነላት? ባለቤትህ ናስራ በሰላም ተገላገለች ወይ? ወንድ ይሁን ሴት እንኳ የነገረኝ የለም። ማሽላውስ ተሰበሰበ? ከብቶቹስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ፤ አካሌም ደህና ነው። ያልዳነው ሌላው ነው፤ እሱን ከዚህ በታች ታነበዋለህ።

የጻፍኩልህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። ሃያ ቀን ሙሉ ደወልኩ። መጨረሻ ላይ ያልከኝን አልረሳሁትም። «የሰው ልጅ በሽታ አጠጥተሽ፣ ጓደኛዬን በሰው አገር አዋርደሽ፣ ደግሞ ትደውያለሽ?» አልከኝና ዘጋኸው። «ምን ሆነሽ ነው?» ብለህ አልጠየቅኸኝም። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋምና አሁን እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ዛኪርን የላክኸው አንተ ነህ። አምና ሰኔ ላይ በመተማ ወደ ሱዳን ሲሻገር «አብሮ አደጌ ነው፤ እኔን እንደምታዪኝ እዪው» አልከኝ። እኔም እንደዚያው አየሁት። የአል-ጣኢፍ ሰፈር አሠሪዎቼ በጦርነቱ ሸሽተው ከሄዱ በኋላ፣ ሰው ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምር፣ እዚህ ጀብራ ሰፈር ሙስዐብ የሚባል ሱዳናዊ ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ፣ እነሱ ዋርሻ በሚሉት፣ ሥራ ይዤ ነበር። ለሙስዐብ «ወንድሜ ነው» ብዬ አስገባሁት። የወንድሜ ጓደኛ ነው አላልኩም፤ ወንድሜ ነው አልኩ። በሁለት ወር ውስጥ የመጋዘኑን ቁልፍ ያዘ።

የምንሠራውን ነግሬህ ስለማላውቅ ልንገርህ፤ ካልገባህ የሆነብኝም አይገባህም። የውሃ ማጣሪያ ነው የምንሠራው። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ክር በመጠቅለያ መኪና እያጠላለፍን እንጠቀልላለን፤ ሲያልቅ እንደ ክንድ ይወፍራል። ክሩ እንደ ሥራው ይለያያል። ለዘይት ፋብሪካ ጥጥ ነው፤ ለትኩስና ለሚያቃጥል ነገር ከመስታወት የተሠራ ክር አለ፤ ለሚጠጣ ውሃ ግን ነጩን የፕላስቲክ ክር ነው የምንጠቀልለው። ነጩ ክር ፀጉር አለው፤ ደለሉን የሚይዘው ያ ፀጉሩ ነው። መጀመሪያ ከቱቦው አጠገብ አጥብቀን፣ ወደ ውጭ እያላላን እንሄዳለን፤ ውሃው ከውጭ ገብቶ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ጭቃውን በየደርቡ እየተወ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው ክሎሪን የሚጨመርበት። ጭቃው ካለፈ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቃል፤ በሽታው ይቀራል። ሁላችንም የጨረስነው ላይ ምልክታችንን እናደርጋለን። የእኔ የስሜ መጀመሪያ «ሬ» ናት።

ኅዳር ላይ ማዮ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሰው በአጣዳፊ ተቅማጥ መውደቅ ጀመረ። የቦኖው ማጣሪያዎች ከእኛ የሄዱ ነበሩ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ማጣሪያዎቹን በሪክሻ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት፣ ጭነው መጥተው ሙስዐብ እግር ሥር ደፏቸው። ሁሉም ላይ «ሬ» ተጽፎባቸዋል። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ዛኪር መሐል ገባና በዐረብኛ መናገር ጀመረ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ይቅር በሏት፤ ከልጅነቷ አውቃታለሁ፣ እጇ ችኩል ነው፤ ክፋት የላትም» እያለ ስለ እኔ ይለምናቸው ጀመር! እንባውን ሁሉ ይጠርግ ነበር። ሰው እንዲህ እያለቀሰ ሲያማልድልህ ጥፋተኛ አይደለሁም ብትል ማን ያምንሃል? ሙስዐብ ዓይኔን ማየት ጠልቶ «ያላ፣ ውጪ» አለኝ። ከበር ላይ ፖሊስ ወደ ጊስም፣ ወደ ጣቢያቸው፣ ወስዶ ሙሉ ቀን አስቀመጠኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ድንበር ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ማዮ ያሉት የአገሬ ሴቶች በሩቅ ሲያዩኝ በር ይዘጉብኝ ጀመር። ዛኪር ግን «አገሬ ገብቼ ልዳር ነው» ብሎ ሙስዐብን ተሰናብቶ ሄደ። እኔን አልተሰናበተኝም። እናንተ ዘንድ ሲደርስ ምን እንዳወራ ከአንተ አፍ ሰማሁት።

አላህ ግን አልተወኝም። ከተደፉት ማጣሪያዎች አንዱን በሻሼ ጠቅልዬ ይዤ ወጥቼ ነበር። ቤቴ ገብቼ በቢላ ሰነጠቅሁት። ላዩን ሁለት ደርብ ነጩ ክር ነው። ከሱ ሥር እስከ ቱቦው ድረስ የፕላስቲክ ማዳበሪያ ጆንያ ተፈትቶ የወጣ ክር ነው፤ ሰማያዊው መስመር እንኳ እንዳለ ነው። የጆንያ ክር ልሙጥ ነው፣ ፀጉር የለውም፤ ጭቃው ተንሸራቶ ያልፋል። በዚያ ዋርሻ ውስጥ በእኛ ፊደል «ሬ»ን መጻፍ የምንችል ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናችን ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ይህንን ይዤ ለማን ልናገር? ማን ይሰማኛል? በማግሥቱ መዲና መጣች። መዲና የባቲ ልጅ ናት፤ ማዮ ነው የምትኖረው፤ የሦስት ዓመት ልጇ ኒዕማ ታማ በግሉኮስ ነው የተረፈችው። ልትረግመኝ ነበር የመጣችው። በር ላይ ቆማ «ልጄን ልትገድዪብኝ!» ስትለኝ የተሰነጠቀውን ማጣሪያ አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ክሩን ሳብ አደረገችው። በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ይህን እኔ ነኝ የፈታሁት» አለች።

ለካስ ዛኪር ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ጆንያ ቤቷ ድረስ እያመጣላት ትፈታለት ኖሯል። ለአህያ ጋሪ ገመድ ይሆናል ነው ያላት። እሷ ስትፈታ ኒዕማ ክሩን በአንገቷ እየጠመጠመች ትጫወት እንደነበር እየነገረችኝ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። በኋላ እንደደረስንበት፣ እሱ ዓርብ ዓርብ ዋርሻው ሲዘጋ በያዘው ቁልፍ እየገባ ነው የጠቀለለው። ነጩን ክር ኦምዱርማን ገበያ ወስዶ ሸጦታል።

ሁለታችን ሙስዐብ ዘንድ ሄድን። መዲና ሳትፈራ ተናገረች። ሙስዐብ የቀሩትን ማጣሪያዎች አንድ በአንድ በቢላ ሰነጠቃቸው፤ ሁሉም ያው ናቸው። ቢላውን አስቀመጠና «እህቴ፣ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ፤ ይቅር በይኝ» አለኝ። ባዳው ሰውዬ ነው እንዲህ ያለኝ፣ ሙሐመድአወል። ሥራዬ ላይ ተመልሻለሁ። የማዮን ማጣሪያዎች ሁሉ እንደገና ጠቅልዬ፣ ራሴ ወስጄ፣ መዲና እያየች አስገጠምኩ። በር የዘጉብኝ ሴቶች ግማሾቹ አሁን ሰላም ይሉኛል፤ ግማሾቹ እስከ ዛሬ አያምኑኝም።

ዛኪር ያደረገውን አደረገ፤ እሱን ለአላህ ሰጥቼዋለሁ። ያንተ ነው የማይወጣልኝ። አባታችን ካረፈ ወዲህ አባቴም ወንድሜም አንተ ነህ እያልኩ ነው የኖርኩት። «ሬሕማ፣ እውነት ነው ወይ?» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ሲመጣ ለእናንተ ያወረደውን ልብስና ወርቅ አይተህ ይሆን? ከምን እንደተገዛ አሁን ታውቃለህ።

እህታችንን ዘምዘምን ለእሱ ልትድራት ሽማግሌ እንደተቀበልክ ሰምቻለሁ። ከመተማ የመጡ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ፤ የእናቴን ልጅ ሠርግ ከመንገደኛ ነው የሰማሁት። ኒካሑን ከማሰርህ በፊት ሽማግሌዎቹን ሰብስብና ከዚህ ጋር የላክሁትን የጆንያ ክር ዛኪር ፊት አስቀምጠው። ምንም አትናገር። ፊቱን ብቻ እይ። ከዚያ በኋላ እንደ ህሊናህ አድርግ።

እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ያጠፋሁት እንደሌለ ንገራት፤ እሷ ድሮም ያመነችብኝ አይመስለኝም። ለናስራ እንኳን አላህ አወጣሽ በላት፤ ሕፃኑን ስሙን ባላውቀውም ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። ለአጎታችን ለሐጂ ሰይድ፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ደብዳቤውን የምታመጣልህ ሀኒፋ ናት፤ ካርቱም አብራኝ የኖረች ሰው ናት፤ ምሳ ሳትበላ እንዳትሰዳት።

ለዘምዘም ግን ሰላምታ በአንተ በኩል አልላክሁም። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ገልብጬ በስሟ አሽጌዋለሁ፤ ሀኒፋም አንተ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ለእሷ በእጇ ሰጥታታለች።

እህትህ ሬሕማ
ካርቱም፣ ጀብራ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.