ወደ ግራ የጎተትኳቸው ቁልፎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጥፋት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዛሬ ትእዛዝ የምናስገባበትን የሒሳብ ማሽን ቁልፎች ቦታ ቀየርኩ። ግራኝ ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ምግቦች ስክሪኑ ላይ በቀኝ በኩል ናቸው፤ እጄን ስዘረጋ ክንዴ ግማሹን ይሸፍነዋል። ሰው ሲበዛ እደናበራለሁ። ከጎባ መጥቶ ማሽኑን የገጠመው ልጅ «ጫን አድርገሽ ያዢው፣ ወደምትፈልጊበት ጎትቺው» ብሎን ነበር። ጎተትኩ። እንቁላል፣ ፍርፍር፣ ሻይ ወደ ግራ መጡ። የቅቤው ፍርፍር የጾሙ የነበረበት ቦታ ገባ። ከሰዓት አንድም አልተሳሳትኩም! የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ እንኳን «ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የፈጠንሽው?» አሉ።

ጠዋት ማሽኑ ላይ የምትሠራው ጫልቱ ናት። ልነግራት ነበር፤ ወጥታ ሄዳለች። ስልክ መደወል ደግሞ እፈራለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

ስገባ ጫልቱ ጓዳ ሳህን እያጠበች ታለቅሳለች።

ጠዋት አንድ መምህር የጾም ፍርፍር አዘዙ። ጫልቱ ቁልፉን አታነብም፤ እጇ ቦታውን ለምዶታል። የለመደችውን ነካች፣ ወጥ ቤት የወጣው ወረቀት ግን «በቅቤ» ይላል። መምህሩ አንድ ጉርሻ ከዋጡ በኋላ «ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?» ብለው ሳህኑን ገፉት። ቤቱ ሙሉ ነበር። እትዬ አልማዝ ጫልቱን በሰው ፊት ሰደቧት፤ ከሒሳብ አንስተው ጓዳ ከተቷት። እሳቸው ማሽን አያውቁም፣ የእሷ ጥፋት ነው የመሰላቸው።

እኔ ሽርጤን አስሬ ወደ ማሽኑ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ጫልቱ አወቀች። ብርጭቆ ይዛ ስታልፍ ስክሪኑን አየችና ቆመች።

«ማል ጎቴ? ምን አደረግሽው?»

«እንዲመቸኝ ብዬ» አልኩ።

«እንዲመቸኝ! አቦ፣ ቤቴ ገብተሽ ዕቃዬን አዛውረሽ በጨለማ ግቢ ትዪኛለሽ?» ከዚያ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። «እኔ አልናገርብሽም። አፍ አለሽ አይደል? ራስሽ ተናገሪ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ሲቀንስ ማሽኑን ጎረጎርኩት። ለካ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የሚስጥር ቁጥር ካለው የራሱ ስክሪን ይኖረዋል! እሷ እንደለመደችው፣ እኔ እንደሚመቸኝ። እስካሁን ሁለታችንም በአንድ ቁጥር ነው የምንገባው። አዲስ ለመክፈት ግን የእትዬ አልማዝን ቁጥር ይጠይቃል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

የባሰ መጣ። የእትዬ አልማዝ የእህት ልጅ ሰኞ ከጎሮ መጥታ የጫልቱን ቦታ ትይዛለች። ነገ ደግሞ የጎባው ልጅ ይመጣል። «ማንም እንዳይነካካው አስቆልፈዋለሁ!» ይላሉ እትዬ። ከተቆለፈ ቁልፎቹ እንዲሁ ይቀራሉ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።

«እትዬ…»

«ምነው?»

«ሶፍት አልቋል።»

አላለቀም ነበር። ሁለተኛው ላይ ደግሞ አጠገባቸው ደርሼ ጠረጴዛ መጥረግ ጀመርኩ። ጫልቱ ከጓዳ አይታኝ ራሷን ነቀነቀች።

ነገ የጎባው ልጅ ሳይደርስ እገባለሁ። መጀመሪያ «እኔ ነኝ የቀየርኩት» እላለሁ፤ ለሁለታችን ለየብቻ ቁጥር ስለመክፈት ከዚያ በኋላ። ከማሽኑ ከጀመርኩ ጥፋቴን ሳልናገር እንደምቀር ራሴን አውቃለሁ። ጫልቱን አጠገቤ እንድትቆም እለምናታለሁ። እምቢ ካለችም እናገራለሁ።